የኤሌክትሪክ ብስክሌትን ከፍተኛ ፍጥነት የሚወስነው ምንድን ነው? የሞተር መቆጣጠሪያን በመለወጥ የሚገኘውና የማይገኘው

የኤሌክትሪክ ብስክሌቱ እንዲፈጥንለት የሚፈልግ ሰው በአብዛኛው በቅድሚያ የሚያስበው የሞተር መቆጣጠሪያውን ወይም ኮንትሮለሩን መለወጥ ነው። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ከባትሪውና ከሞተሩ ጋር ሲነጻጸር መቆጣጠሪያው በዋጋ ርካሽ፣ በመጠን ትንሽ፣ ለመፍታትና ለመግጠምም ቀላል ነው። ባለ 15 አምፔሩ ወጥቶ ባለ 30 አምፔር ሲገባ ኃይሉ በእጥፍ ስለሚያድግ ፍጥነቱም አብሮ ይጨምራል ተብሎ ይጠበቃል። ሥራው ተጠናቅቆ ብስክሌቱ ሜዳ ላይ ሲሞከር ግን የፍጥነት መለኪያው ቀድሞ ያሳይ ከነበረው ቁጥር ብዙም ፈቀቅ አይልም። ምንም አልተለወጠም ማለት ግን አይደለም። ብስክሌቱ ከቆመበት ሲነሣ ይወነጨፋል፤ አቀበቱንም ቀድሞ ባልነበረው ጉልበት ይወጣል፤ ሞተሩም ቀድሞ ባልነበረው መጠን ይግላል። ገንዘቡ የተከፈለው ለፍጥነት ሲሆን የተገኘው ጉልበትና ሙቀት ነው።

ይህ መጣጥፍ ውጤቱ ለምን እንዲህ እንደሚሆን ያብራራል። የአንድን የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከፍተኛ ፍጥነት ሦስት ነገሮች ሊገድቡት ይችላሉ፦ በመቆጣጠሪያው ውስጥ የተጻፈ የሶፍትዌር ገደብ፣ መቆጣጠሪያው እንዲያልፍ የሚፈቅደው የከረንት ጣሪያ፣ እና የባትሪው ቮልቴጅ። በአንድ በተወሰነ መንገድና ሁኔታ ብስክሌቱን ይዞ የሚያስቀረው ከሦስቱ አንዱ ነው፤ የቀሩትን ሁለቱን ማላላት ፍጥነት አይጨምርም።

በሞተሩ ውስጥ የሚወለደው ቮልቴጅ

በብዙ የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ሞተር በጎማው እምብርት ላይ የሚገጠም፣ ቋሚ ማግኔት ያለውና በሦስት ፌዝ የሚሠራ ሞተር ነው። መቆጣጠሪያው ከባትሪው የሚመጣውን ቀጥተኛ ከረንት በስድስት ወይም ከዚያ በበለጡ ሞስፌቶች አማካይነት በሰከንድ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ እየከፈተና እየዘጋ ለሦስቱ የሞተር ሽቦዎች በየተራ ያድላል። የማን ተራ እንደሆነ የሚያመለክቱት በሞተሩ ውስጥ የተቀመጡት ሦስት የሆል ሴንሰሮች ናቸው።

ማግኔቶቹ በመዳብ ጥቅሎቹ ፊት ሲዞሩ ግን ሞተሩ ራሱ እንደ ጄኔሬተር ቮልቴጅ ያመነጫል። ይህ ቮልቴጅ የባትሪውን ቮልቴጅ የሚቃወም ሲሆን መጠኑም ከዙሩ ፍጥነት ጋር በቀጥታ ያድጋል። ፍጥነት መስጫው እስከ መጨረሻው ሲከፈት ወደ ሞተሩ የሚገባው ከረንት የሁለቱ ቮልቴጆች ልዩነት ለሬዚስታንሱ ሲካፈል የሚገኘው ነው። ጎማው በፈጠነ ቁጥር ልዩነቱ ይጠባል፤ ልዩነቱ በጠበበ ቁጥር ከረንቱ ይቀንሳል፤ ከረንቱ ሲቀንስም ጎማውን የሚያሽከረክረው ቶርክ በዚያው ልክ ይወርዳል። በመጨረሻ ቶርኩ የነፋሱንና የመንገዱን ተቃውሞ ብቻ የሚችል ይሆንና ብስክሌቱ ከዚያ በላይ መፍጠን ያቆማል።

በመቆጣጠሪያው ላይ የተጻፈው 30 አምፔር እንግዲህ የሚያልፈውን ከረንት አይናገርም፤ እንዲያልፍ የሚፈቀደውን ጣሪያ እንጂ። በሩ ቢሰፋም የሚገፋ ከሌለ የሚገባ የለም።

ነገሩ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይጠራል። ባትሪው 48 ቮልት፣ ሞተሩ ለእያንዳንዱ ቮልት በደቂቃ 7 ዙር የሚዞር፣ የጎማው ዙሪያ 2.07 ሜትር፣ ከባትሪው እስከ ሞተሩ ያለው ጠቅላላ ሬዚስታንስ 0.25 ኦም፣ ሞተሩ ያለ ጭነት ሲዞር የሚወስደው ከረንት 1 አምፔር ነው ይባል። ነጂውና ብስክሌቱ በአንድነት 110 ኪሎ ግራም ይመዝናሉ፤ ነጂው ቀጥ ብሎ ስለተቀመጠ የነፋስ ተቃውሞ ስፋቱ 0.6 ካሬ ሜትር፣ የጎማው የመንከባለል ተቃውሞ መለኪያ 0.008፣ የአየሩ እፍጋት በሜትር ኪዩብ 1.2 ኪሎ ግራም ነው፤ ፔዳል አይመታም። እነዚህ ለስሌት የተመረጡ ግምቶች ቢሆኑም ከመንገድ ላይ ብስክሌቶች የራቁ አይደሉም።

ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሲዞር በደቂቃ 336 ዙር ገደማ ይደርሳል፤ ይህም በሰዓት 41.7 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ጎማው መሬት ነክቶ ሜዳ ላይ ሲነዳ ፍጥነቱ 38.8 ኪሎ ሜትር ላይ ይረጋል። በዚህ ፍጥነት ከባትሪው የሚወጣው ከረንት 13.2 አምፔር ብቻ ነው። ባለ 15 አምፔሩ መቆጣጠሪያ ገና ጣሪያው ላይ አልደረሰም። በባለ 30 አምፔር ቢተካ ስሌቱ ውስጥ የሚለወጥ አንድም ቁጥር የለም፤ ፍጥነቱ አሁንም 38.8 ነው። ባትሪው ገና እንደተሞላና ቮልቴጁ 54.6 ሳለ ብቻ የ15 አምፔሩ ጣሪያ ጥቂት ይነካል፤ ያን ጊዜ አዲሱ መቆጣጠሪያ 42.8 የነበረውን ወደ 44 ኪሎ ሜትር ያደርሰዋል። ይህ አንድ ኪሎ ሜትር ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች በኋላ ይጠፋል።

አቀበት ላይ ታሪኩ ሌላ ነው። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ከፍ በሚል መንገድ ላይ ያው ብስክሌት በ15 አምፔር ጣሪያ በሰዓት 26 ኪሎ ሜትር፣ በ30 አምፔር ጣሪያ 36 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። በዚያ ስፍራ ያዘው የነበረው ገደብ የከረንት ነበርና ሲላላ ፍጥነት ሰጠ። አንዱ ተጠቃሚ መቆጣጠሪያ መለወጥ ከንቱ ነው ሲል ሌላው ብስክሌቱ አዲስ ሆነለት እያለ የሚከራከሩት፣ አንዱ ሜዳ ላይ ሌላው አቀበት ላይ ስለሚነዱ ሊሆን ይችላል።

የነፋሱም ድርሻ መነሣት አለበት። የነፋስን ተቃውሞ ለማሸነፍ የሚያስፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ኪዩብ ያድጋል። በምሳሌው ብስክሌት ሜዳ ላይ በ25 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 180 ዋት፣ በ35 ለመሄድ 415 ዋት፣ በ45 ለመሄድ ደግሞ 810 ዋት ገደማ ጎማው ላይ መድረስ አለበት። እዚህ ላይ ከፍተኛ ቦታ ለሚኖሩ አንባቢዎች አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ አዲስ አበባን በመሰለ፣ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ከተማ አየሩ ቀጭን ስለሆነ ብስክሌቱ በጣም አይፈጥንምን? የአየሩ እፍጋት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ወደ 0.9 ስለሚወርድ የነፋሱ ተቃውሞ በሩብ ይቀንሳል። ሆኖም የምሳሌው ብስክሌት ፍጥነት ከ38.8 ወደ 39.4 ብቻ ነው የሚያድገው። ነፋሱ በሩብ ቀንሶ ፍጥነቱ በ0.6 ኪሎ ሜትር ብቻ መጨመሩ ብስክሌቱን የያዘው ነፋሱ ሳይሆን ቮልቴጁ መሆኑን ከማንኛውም ማብራሪያ በላይ ያሳያል። የቀጭኑ አየር ትሩፋት በባትሪው ላይ ይታያል፤ የሚወጣው ኃይል ከ633 ወደ 522 ዋት ገደማ ዝቅ ይላል። በሌላ በኩል ቀጭን አየር ሞተሩንም መቆጣጠሪያውንም የማቀዝቀዝ አቅሙ ያነሰ ነው።

የያዘውን ገደብ መለየት

ሦስቱን ገደቦች ለመለየት መቆጣጠሪያውን መፍታት አያስፈልግም። ፍጥነቱ ባትሪው ሙሉም ሆነ ግማሽ ሁልጊዜ በአንድ ቁጥር ላይ የሚቆም፣ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ ሲዞርም ከዚያው ቁጥር የማያልፍ ከሆነ የያዘው ሶፍትዌር ነው። ፍጥነት መስጫው እስከ መጨረሻው ተከፍቶ የአምፔር መለኪያው በአንድ ቁጥር ላይ ተጣብቆ ከቀረ የያዘው የከረንት ጣሪያ ነው። ባትሪው እየደከመ ሲሄድ ፍጥነቱም አብሮ የሚወርድ፣ መንገድ ላይ የሚገኘውም ፍጥነት ጎማው በአየር ላይ ከሚዞርበት ፍጥነት ከ90 በመቶ በላይ ከሆነ የያዘው ቮልቴጁ ነው። የምሳሌው ብስክሌት ባትሪው ሙሉ ሳለ 44 ይሄድና ቮልቴጁ 42 ሲደርስ ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይወርዳል።

የሶፍትዌሩ ገደብ በአብዛኛው ከሕግ የመጣ ነው። በአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 168/2013 መሠረት የሞተሩ ተከታታይ ኃይል ከ250 ዋት የማይበልጥ፣ ፔዳል ሲመታ ብቻ የሚያግዝና በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ላይ እርዳታውን የሚያቋርጥ ብስክሌት እንደ ሞተር ተሽከርካሪ አይቆጠርም። ገደቡ ሲነሣ ግን ብስክሌቱ በሕግ ዐይን ሞፔድ ይሆናል፤ ሰሌዳ፣ ኢንሹራንስና የዓይነት ማረጋገጫም ይጠየቅበታል። በአሜሪካ የ2002ቱ የፌዴራል ሕግ በሞተር ብቻ ለሚገኝ ፍጥነት 20 ማይል ወይም 32 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለኃይል 750 ዋት ጣሪያ አድርጓል። ገደቡ በማሳያው ምናሌ ወይም መቆጣጠሪያው ላይ በሚገኝ አንዲት ሽቦ የሚነሣ ብስክሌት ብዙ ነው፤ እንዲህ ባለው ላይ አዲስ መቆጣጠሪያ መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። እንደ ቦሽና ሺማኖ ያሉ አምራቾች በፔዳሉ ቦታ በሚገጥሟቸው ሞተሮች ደግሞ መቆጣጠሪያው በሞተሩ ሽፋን ውስጥ የታሸገ ስለሆነ ከውጭ በሌላ መተካት አይታሰብም።

አንድ ሌላ ስሕተትም በተደጋጋሚ ይታያል። ድምፅ የማያሰማ ባለ ሳይን ሞገድ መቆጣጠሪያ የተሻለ ስለሆነ ይበልጥ ያፈጥናል ተብሎ ይገዛል። በተለመደው የሳይን ስልት በሁለት ፌዞች መካከል የሚገኘው ቮልቴጅ ጫፉ ከባትሪው ቮልቴጅ 87 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ስሌቱ በተሻሻለ ዘዴ የሚሠራ ካልሆነ በቀር ጸጥታ የሚገኘው ከፍጥነት ላይ ጥቂት ተቀንሶ ነው።

ቮልቴጅን ማሳደግ

የያዘው ገደብ ቮልቴጅ ሆኖ ሲገኝ መቆጣጠሪያውን መለወጥ ትርጉም የሚኖረው ከፍ ያለ ቮልቴጅ እንዲችል ተብሎ ሲለወጥ ነው። የምሳሌው ብስክሌት ባትሪ በ60 ቮልት ቢተካና መቆጣጠሪያው በቂ ከረንት ቢፈቅድ ፍጥነቱ ሜዳ ላይ 48.1 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከባትሪው የሚወጣው ከረንት 18.6 አምፔር፣ ኃይሉም 1,116 ዋት ነው። ፍጥነቱ በ24 በመቶ ሲያድግ የኃይል ፍጆታው በ76 በመቶ አደገ ማለት ነው። አሁን የ15 አምፔሩ ጣሪያ በእርግጥ ይይዛል፤ ቢቀር ፍጥነቱ 44.4 ላይ ይቆማል። ቀድሞ ለአንድ ኪሎ ሜትር 16 ዋት ሰዓት ይበቃ የነበረው ወደ 23 ከፍ ይላል። 624 ዋት ሰዓት የሚይዝ ባትሪ 38 ኪሎ ሜትር ያደርስ ከነበረ አሁን 27 ኪሎ ሜትር ላይ ያልቃል።

ቮልቴጅ ሲያድግ ዕቃዎቹ ላይ የሚመጣውን ጫና በባትሪው ስም ብቻ መገመት አደገኛ ነው። 60 ቮልት የሚባለውና 16 ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት የሊቲየም አዮን ባትሪ ሙሉ ሲሆን 67.2 ቮልት ነው። በብዙ ባለ 48 ቮልት መቆጣጠሪያዎች ውስጥ የሚገኙት ካፓሲተሮች ደግሞ የተሠሩት ለ63 ቮልት ነው። 75 ቮልት የሚችል ሞስፌት በወረቀት ላይ የሚበቃ ቢመስልም ከረንቱ በድንገት በተቋረጠ ቁጥር በሽቦዎቹ ውስጥ የሚፈጠረው የቮልቴጅ ዝላይ በቀሪዋ 8 ቮልት ውስጥ አይወሰንም፤ ከባትሪ እስከ መቆጣጠሪያ ያለው ሽቦ በረዘመ ቁጥር ዝላዩ ይከፋል። ስለዚህ ለዚህ ባትሪ ካፓሲተሮቹም ሞስፌቶቹም 100 ቮልት የሚችሉበት መቆጣጠሪያ ይመረጣል። ቻርጀሩም አብሮ መለወጥ አለበት። መቆጣጠሪያው ባትሪው ሲደክም የሚያቋርጥበት ቮልቴጅም እንዲሁ ለአዲሱ ባትሪ መስተካከል አለበት፤ ለ48 ቮልት የተቀመጠው ገደብ ለ60 ቮልቱ ባትሪ እጅግ ዝቅ ያለ ነው።

አዲስ ባትሪ ላለመግዛት በነባሩ ላይ ሌላ ትንሽ ባትሪ በተከታታይ የሚያያይዙ አሉ። የባትሪው መጠበቂያ ሰርኪት የተሠራው ግን ለራሱ ባትሪ ቮልቴጅ ነው። በተከታታይ ከተያያዙት አንዱ አደጋ አይቶ ሲያቋርጥ የጠቅላላው ቮልቴጅ ጫና በእርሱ ሞስፌቶች ላይ ይወድቃል፤ ከተቃጠሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ ተዘግተው፣ ማለትም ከረንት እያሳለፉ ስለሚቀሩ ጥበቃው በሚያስፈልግበት ሰዓት ይጠፋል።

በነባሩ መቆጣጠሪያ ሸንት ላይ የብየዳ ቆርቆሮ መጨመርም የዚሁ ዓይነት አቋራጭ ነው። መቆጣጠሪያው ከረንቱን የሚለካው በዚህች አጭር ሽቦ ላይ በሚታየው አነስተኛ ቮልቴጅ ነው፤ ሬዚስታንሷ ሲቀንስ ልኬቱ ስለሚያንስ 25 አምፔር ሲያልፍ 15 መስሎት ይፈቅዳል። መሣሪያው አልጠነከረም፤ ተታለለ እንጂ። ሞስፌቶቹም፣ የሰርኪቱ የመዳብ መስመሮችም፣ ማገናኛዎቹም ያው የቀድሞዎቹ ናቸው።

ሙቀት

ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው በባትሪው ሽቦና በሞተሩ ሽቦ የሚያልፈው ከረንት አንድ አለመሆኑ ነው። በዝቅተኛ ፍጥነት መቆጣጠሪያው የባትሪውን ቮልቴጅ ቀንሶ ከረንቱን ያበዛል። ለሞተሩ የሚደርሰው ቮልቴጅ የባትሪው ሩብ ሲሆን ከባትሪው የወጣው 15 አምፔር በሞተሩ ሽቦ 60 አምፔር ገደማ ይሆናል፤ 30 አምፔሩ ደግሞ የፌዝ ከረንት ገደብ ካልተቀመጠለት ወደ 120 ይጠጋል። በመዳቡ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በከረንቱ ካሬ ስለሚያድግ፣ የሞተሩ ሬዚስታንስ 0.15 ኦም ቢሆን 540 ዋት የነበረው 2,160 ዋት ይሆናል። ይህ ለጥቂት ሰከንድ፣ ከቆሙበት ሲነሡ የሚደርስ ነው፤ በከተማ መንገድ ግን በየመብራቱ ይደጋገማል። መዳቡ በጋለ መጠን ሬዚስታንሱም በየዲግሪው 0.39 በመቶ ስለሚጨምር ሙቀት ሙቀትን ይወልዳል።

የጎማ ሞተር ሙቀቱን የሚያስወጣበት መንገድ ጠባብ ነው። ጥቅሎቹ የታሰሩት በማይዞረው ውስጠኛ ክፍል ላይ ሲሆን ከውጭው ሽፋን የሚለያቸው ቀጭን አየር ነው። መደበኛ ዓይነት የኒዮዲሚየም ማግኔት እስከ 80 ዲግሪ ሴልሺየስ ድረስ የሚሠራ ሲሆን ከዚያ በላይ ማግኔትነቱን በዘላቂነት ሊያጣ ይችላል። ማግኔቱ የደከመ ሞተር ለተመሳሳይ ቶርክ ይበልጥ ከረንት ይፈልጋልና ይበልጥ ይግላል። በጥቅሎቹ መካከል 10 ኪሎ ኦም የሙቀት ሴንሰር አስገብቶ ሙቀት ሲያልፍ ከረንት ከሚቀንስ መቆጣጠሪያ ጋር ማገናኘት ለዚህ ርካሹ መከላከያ ነው።

ይሁን እንጂ ትልቅ መቆጣጠሪያ ሁልጊዜ ሞተር ያቃጥላል የሚለው ፍርድም ሙሉ እውነት አይደለም። 15 በመቶ በሆነ ረጅም አቀበት ላይ የሞተሩን ከረንት የሚወስነው በዋናነት የአቀበቱ ትክለት ነው። የምሳሌው ብስክሌት በትንሹ መቆጣጠሪያ 42፣ በትልቁ 45 አምፔር ገደማ በሞተሩ ሽቦ ያሳልፋል፤ በየሰከንዱ የሚወለደው ሙቀት ተቀራራቢ ነው። ፍጥነቱ ግን በአንዱ ከ6 ኪሎ ሜትር የማይበልጥ ሲሆን በሌላው ወደ 18 ይደርሳል። አቀበቱን በሦስተኛው ጊዜ የጨረሰው ሞተር በጠቅላላው የተሸከመው ሙቀት ከሌላው ሲሶ ብቻ ነው። እየተንፏቀቀ የሚወጣ ሞተር ከሚሮጠው ይበልጥ የሚቃጠልበት ሁኔታ አለ።

ባትሪ ሳይለወጥ

ቮልቴጅን ሳይጨምሩ ከቮልቴጅ ገደብ በላይ ለመሄድ አንድ መንገድ አለ። የማግኔት መስክን የሚቆጣጠሩ ዘመናዊ መቆጣጠሪያዎች የከረንቱን ጊዜ ቀድመው በመስጠት የማግኔቱን መስክ በከፊል የሚቃወም ሌላ መስክ ይፈጥራሉ። በውጤቱ ተቃራኒው ቮልቴጅ ያነሰ ይመስላል፤ ሞተሩም ከተፈጥሮ ፍጥነቱ ጥቂት አልፎ ይዞራል። ለዚህ የሚውለው ከረንት ግን ቶርክ አይሰጥም፤ መዳቡን ብቻ ያሞቃል። ከዚህ የባሰም አለ፤ ሞተሩ በዚያ ፍጥነት ሳለ መቆጣጠሪያው በድንገት ሥራውን ቢያቆም የሚያዳክመው መስክ ይጠፋና ሙሉው ተቃራኒ ቮልቴጅ ከባትሪው በልጦ በሞስፌቶቹ ዳዮዶች በኩል ወደ ባትሪው ይፈስሳል። ጎማው ያለ ትእዛዝ ይይዛል ማለት ነው። በመሆኑም ይህን ዘዴ በጥቂት መጠን ብቻ መጠቀም ይገባል።

አዲሱ መቆጣጠሪያ ሲገጠም ሦስቱ የፌዝ ሽቦዎችና ሦስቱ የሆል ሽቦዎች በ36 መንገድ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ጎማውን በትክክል ወደፊት የሚያዞሩት 3ቱ ብቻ ናቸው። በቀለም መተማመን አይቻልም፤ ከአምራች አምራች ይለያያልና። ስለዚህ ጎማው ከመሬት ተነሥቶ፣ ከረንቱ ዝቅ ተደርጎ ይሞከራል፤ ጎማው እየዞረም ያለ ጭነት ከ1 ወይም ከ2 አምፔር በላይ የሚወስድ ግንኙነት ትክክለኛው አይደለም። ከዚያ በኋላ ዘንጉ ይታያል፤ 60 አምፔር የፌዝ ከረንት በምሳሌው ሞተር 82 ኒውተን ሜትር ቶርክ ስለሚሰጥ፣ ዘንጉ የሚያርፍበት የአሉሚኒየም ፍሬም አፉ እንዳይከፈት ቶርኩን ከፍሬሙ ጋር የሚያስር የብረት ክንድ ይገጠማል።

ፍሬኑ የሚሠራው ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ነው። ከ38.8 ወደ 48.1 ኪሎ ሜትር ሲታለፍ ፍሬኑ ወደ ሙቀት መለወጥ ያለበት ኢነርጂ ከ6.4 ወደ 9.8 ኪሎ ጁል ያድጋል። ነጂው አደጋውን አይቶ ፍሬኑን እስኪይዝ 1 ሰከንድ ቢወስድበትና በደረቅ አስፋልት ላይ የፍጥነቱ መቀነስ በሰከንድ ካሬ 3.9 ሜትር ቢሆን፣ ለመቆም 26 ሜትር ገደማ የነበረው ርቀት 36 ሜትር ይሆናል። የፊተኛውን ዲስክ ከ160 ወደ 180 ወይም ወደ 203 ሚሊ ሜትር ማሳደግ ሙቀቱን ለመሸከም የሚረዳ ሲሆን፣ ሊገጠም የሚችለው አምራቹ ሹካውን ለዚያ መጠን የፈቀደው ከሆነ ብቻ ነው።